አስቸኳይ፦ የፌኖ ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም ሰው ከፍ አድርጎ ያነባል

ሲስተር ኤም፦ ጤና ይስጥልኝ። ፌኖ ማሽናችን (ለአስም ምርመራ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ የሚለካው) ዛሬ አብዷል። የነፋበት ሁሉ ከ60 በላይ ነው። ብጠራጠር እኔው ነፋሁበት፣ 58 አለኝ! አስም የሚባል አያውቀኝም፣ ሌላ ጊዜ ከ15 አልፌ አላውቅም። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ኮሪደሩ ሞልቷል፣ ዶክተሩ «ውጤቱስ?» እያለ ቆሞብኛል። ሴንሰሩ ሞቶ ይሆን? የምታውቁ ቶሎ በሉ።

ባዮሜድ፦ ሜኑው ውስጥ የሴንሰሩን ማብቂያ ቀን እዪ። ካለፈ ቀይሪው።

የጉለሌው፦ አስም ጀምሮሽ ይሆናላ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ ሃሃሃ

መምህሩ፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። የመተንፈሻ ቱቦ በአለርጂ ዓይነት ብግነት ሲያዝ ግድግዳው ናይትሪክ ኦክሳይድ አብዝቶ ያመነጫል፣ ጋዙም ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። በሰው ትንፋሽ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እንደ ፈረንጆች በ1991 ነው፤ አስም ባለባቸው ሰዎች ከፍ እንደሚል ደግሞ በ1993 ስዊድን ውስጥ ታየ። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ በ2011 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ከ25 ፒፒቢ በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ነው። ፒፒቢ ማለት ከቢሊዮን አንድ እጅ ሲሆን...

ሲስተር ኤም፦ መምህር፣ ይህን ማታ አነበዋለሁ፣ አሁን ሰው ቆሞብኛል። ሴንሰሩ ገና ነው፣ ቀኑ አላለፈም።

አቢቲ፦ ሴንሰሩን ቀይሪው።

የጉለሌው፦ አላለፈም አለች እኮ!

ዶ/ር ዘ፦ ከነጭራሹ ለመጣው ሁሉ ፌኖ ማሠራት ምን ይባላል? ፌኖው ዝቅ ብሎ አስም ያለበት ስንት አለ። ሲጋራ የሚያጨስ ዝቅ ይልበታል፣ ስቴሮይድ ኢንሄለር (ብግነት የሚቀንስ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) የጀመረም እንዲሁ፤ ጉንፋን የያዘው ደግሞ ከፍ ይልበታል። ታሪኩን ጠይቁ፣ ስፓይሮሜትሪ (ሳንባ ምን ያህል አየር በምን ፍጥነት እንደሚያስወጣ የሚለካውን ምርመራ) ሥሩ።

ሲስተር ኤም፦ ዶክተር፣ የማዘው እኔ አይደለሁም።

ትርሲት፦ ጾም ነው እኮ! ቀይ ስርና ሰላጣ ናይትሬት አላቸው፣ ከተበሉ በኋላ ፌኖን ከፍ ያደርጋሉ።

ሲስተር ኤም፦ እኔ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።

ኮልፌ 7፦ ሁሉም ባንድ ቀን ከፍ ካለ ሰዎቹን ተዪና አየሩን ጠርጥሪ። ዛሬ መብራት አለ? ጀነሬተራችሁ የት ነው?

ሲስተር ኤም፦ መብራት ከጠዋት የለም። ጀነሬተሩ መስኮቴ ሥር ነው። ማሽኑ ግን በባትሪ እየሠራ ነው፣ ምን አገናኘው?

ኮልፌ 7፦ ጭሱ ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ አለበት! ታካሚዎቹ አየሩን ከየት ነው የሚስቡት? ከክፍሉ ስበው ከሆነ የሚነፉት፣ የለካሽው ጀነሬተሩን ነው። መጀመሪያ ከማሽኑ ውጭ ተንፍሰው ሳንባቸውን ባዶ ያድርጉ፣ ከንፈራቸውን ፊልተሩ ላይ ገጥመው በማሽኑ በኩል ሙሉ ይሳቡ፣ ሳያቋርጡ ይንፉ። ማሽኑ የሚያጣራው በእሱ በኩል የገባውን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ክፍሉን ቀይሪ፣ ከዚያ ራስሽ ላይ ሞክሪው።

አቢቲ፦ አፍንጫቸውንም በክሊፕ ያዢ፣ እንደ ስፓይሮሜትሪ።

ኮልፌ 7፦ ኧረ ተይ! ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት ክፍት ቦታዎች) ውስጥ ያለው ጋዝ ከሳንባው እጅግ ይበልጣል፤ አፍንጫው ሲዘጋ እዚያው ይጠራቀማል። ማሽኑ ግፊት የሚፈልገውም ሰው ሲነፋ ለስላሳው ላንቃ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ እንዲዘጋ ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ ቀስ ብሎ የነፋ ከፍ ይልበታል። አዋቂ 10 ሴኮንድ፣ ሕፃን 6።

ዶ/ር ዘ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። የጠዋቶቹን ቁጥር ካርድ ላይ እንዳትጽፊ፣ በዚያ ላይ ተመርኩዞ ስቴሮይድ የሚጨምር አይጠፋም። ስፓይሮሜትሪም ካለ ከፌኖው በኋላ ይሁን።

ሲስተር ኤም፦ ወደ ጓሮ ክፍል እያዞርኩት ነው።

የጉለሌው፦ ሲስተር ምን ሆነ? ጀነሬተሩ አስም አለበት?

ባዮሜድ፦ ሴንሰሩን ቀይራው ይሆናል።

የናቲ እናት፦ ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ቤክሎሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ኢንሄለር ይወስዳል፣ ፌኖው 41 ተባለ። ያስፈራል?

ዶ/ር ዘ፦ ለሕፃን ከ35 በላይ ከፍ ያለ ነው። ግን መጠን ከመጨመር በፊት በየቀኑ መውሰዱን አረጋግጪ፤ በስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ በሚገጠመው ቱቦ) ነው ወይስ እንዲሁ አፉ ውስጥ ነው የምትነፊለት?