«ያልተፈቀደ» ወይስ «እጁ የለበትም»? ስለ ሱፐር ፓክ አማርኛ

የቨርጂኒያዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን የመጣ የምርጫ ወረቀት ግርጌ ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ እንደወረደች ስትተረጎም «በማንም ዕጩ ያልተፈቀደ» ትላለች። እናቴ ሰምታ «ካልተፈቀደ ታዲያ እንዴት በተኑት?» አለች። ምን ልበላት? ከፋዩ ሱፐር ፓክ ነው፤ እሱንስ ምን እንበለው?

ጋሽ ፊደል፦ እናትሽ እውነታቸውን ነው። በአማርኛ «ያልተፈቀደ» ካልሽ ክልክል ነው ማለት ነው። የተፈለገው ግን ወረቀቱን ያሳተመው ሌላ ነው፣ ዕጩው አላዘዘም ለማለት ነው። «ዕጩው እጁ የለበትም» በያቸው።

ሱፐር ፓክን ደግሞ «ትልቁ ፓክ» እንዳትዪ፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። ፓክ ማለት አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ሰብስቦ ለዕጩዎች የሚሰጥ «የፖለቲካ ተግባር ኮሚቴ» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሠራተኛ ማኅበራት ከካዝናቸው ለዕጩ እንዳይሰጡ ሕግ ሲወጣ፣ ሲአይኦ የተባለው ኅብረታቸው ለብቻው ኮሚቴ አቋቋመ። ዛሬ ብዙ ዕጩዎችን የሚደግፍ ፓክ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል፤ የፓርቲ ማጣሪያውና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ሱፐር ፓክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ከተሰጡ ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወዲህ ነው። ከቱጃሩም ከኩባንያውም ያለ ገደብ ይቀበላል፣ ለዕጩው ግን ሰባራ ሳንቲም አይሰጥም። ማስታወቂያውን ራሱ ይገዛል፣ ወረቀቱን ራሱ ይበትናል።

ቅኔ ወዳድ፦ «የእጅ አዙር ደጋፊ» ብንለውስ?

ጋሽ ፊደል፦ ያምራል። ግን በእጅ አዙር የሄደ ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ባለቤቱ እጅ ይገባል፤ ይሄኛው ዕጩው ኪስ አይደርስም። ስለ ማስታወቂያው ከዕጩው ጋር መመካከርም በሕግ ክልክል ነው። (የዕጩው የቀድሞ ሰዎች ሱፐር ፓኩን ሲመሩት ምን ያህል እንደሚከበር እናንተው ፍረዱ።) እኔ «ሱፐር ፓክ» ብዬ አንድ ጊዜ ማብራራቱን እመርጣለሁ።

አዲስ ገቢ፦ እስራኤልን የሚደግፈው የአሜሪካ ቡድን አይፓክም ፓክ ነው እንዴ?

ቅኔ ወዳድ፦ የስሙ መጨረሻ አያታልህ፤ እዚያ «የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ» ነው። የራሱን ፓክና ሱፐር ፓክ እንደሚያቋቁም ያስታወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ነው።

የቨርጂኒያዋ፦ እናቴ አሁን «ታዲያ ገንዘቡ የማን ነው?» ብላ ይዛኛለች።

ጋሽ ፊደል፦ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የሱፐር ፓኩን ስም ጽፈሽ ፈልጊ፤ የሰጪዎቹ ዝርዝር ይወጣል። ሰጪው ለጋሾቹን የማይገልጽ ማኅበር ከሆነ ግን የማኅበሩን ስም ብቻ ነው የምታገኚው። «ጨለማ ገንዘብ» የሚሉት እሱን ነው። ለእናትሽ «ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ» ብትያቸው ይገባቸዋል።