እናቴ ሞርፊን ታዘዘላት፣ ቤተሰቡ ግን ፈራ። ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰሯ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ወገቧን ይዟታል። ቀን ቀን ዝም ትላለች። ሌሊት ግን ስታቃስት ከሳሎን ይሰማኛል።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ "ህመሙስ እንዴት ነው?" ሲላት "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አለችው። ይህንኑ ጽፎ ሊያሰናብተን ሲል የሌሊቱን ነገር የነገርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሞርፊን የሚባል ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ አዘዘላት።

ቤት ስንደርስ ታላቅ ወንድሜ ጠርሙሱን አይቶ "ይሄ እኮ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ ነው፣ ሱስም ያስይዛል" ብሎ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። አሁን የምንሰጣት በጣም ሲብስባት ብቻ ነው። እሷም "ሶብር ነው ልጄ" ትለኛለች። ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም። እናቱን ማጣት ፈርቶ ነው።

መልስ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። አላህ ያሽራት። እኛም አባታችንን ስናስታምም እንደ ወንድምሽ ፈርተን ነበር። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ እነዚያ ሦስት ሳምንታት ናቸው። ካመመው በኋላ እየሮጥን እንሰጠዋለን፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ይሰቃያል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳበታል። ከሞላ በኋላ ቦርከናን በእጅ ለመገደብ እንደመሞከር ነው።

በኋላ ሰዓት ጠብቀን መስጠት ጀመርን። ስልክ ላይ አላርም ሞላን፤ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ ሌሊቱም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ተነስቶ ቁጭ አለና ቡና አፍሉልኝ አለ። ያቺን ቡና አልረሳትም።

እናትሽን ደግሞ "አመመሽ?" አትበያት። እጇን ዘርግታ ከአሥር ጣቶቿ ስንት እንደሆነ ታሳይሽ። ደብተር ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፊው፣ ለሐኪሙም ይዘሽለት ሂጂ። "አልሐምዱሊላህ" ለፈጣሪ ምስጋና ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የህመሙን ልክ ማወቅ አለበት።

መልስ፣ ነርስ ነኝ

የፊተኛው የጻፈው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለካንሰር ህመም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ በአፍ፣ በሰዓቱ፣ እንደ ህመሙ ልክ። ሞርፊን የሚታዘዘው ህመሙ ስለበረታ እንጂ ሰውየው ሊሞት ነው ተብሎ አይደለም። ለህመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ የካንሰር ታማሚ ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዱ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ በድንገት እንዳታቋርጡ።

መጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ሊያቅለሸልሻትም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የማይለቀው የሆድ ድርቀት ነው። ማለስለሻ ከሞርፊኑ ጋር አብሮ መጀመር አለበት። ካልታዘዘላት ነገ ደውለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ሞርፊኑን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያሳዝነኛል።

የአጥንት ህመም ከሆነ ስለ ጨረርም ጠይቂ። ለህመም ማስታገሻ ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር አለ፤ ለብዙ ሰው ይሠራል። ጠርሙሱን ደግሞ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ቆልፉት።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለወንድሜ ሁሉንም አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና ጠርሙሱን አወረደው። ትናንት ማታ ስምንት ጣት ያሳየችን ዛሬ ጠዋት አራት አሳየች። አሁን የ8 ሰዓቱ ደርሶ ተኝታለች። ልቀስቅሳት?

ነርሷ

ቀስ ብለሽ ጥሪያት። ቶሎ ከነቃችና ካናገረችሽ ስጫት። ለመንቃት ከከበዳት፣ ግራ ከተጋባች ወይም ትንፋሿ በጣም ከዘገየ ግን አትስጫት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ደውሉ ወይም ውሰዷት።

ጠያቂ

ነቃች። ውሃ አምጪልኝ አለች። የሰጣት ወንድሜ ነው።