የሃይዌይ መውጫ ቁጥር፦ በተራ ይሁን ወይስ በማይል?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄያችን ሁላችንም በየቀኑ ስለምናልፍበት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃይዌይ መውጫ በሁለት ዓይነት ይቆጠራል። አንዱ በተራ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። ሌላው በማይል ነው። መንገዱ ግዛቷ ውስጥ ከሚጀምርበት ከደቡብ ወይም ከምዕራብ ጫፍ ይለካል፤ መውጫ 41 ማለት 41ኛው ማይል አካባቢ ያለው ነው። የፌደራሉ የመንገድ ምልክት መመሪያ የ2009 እትም ሁሉም ወደ ማይል እንዲዞር አዟል። አብዛኞቹ ግዛቶች ዞረዋል። ማሳቹሴትስም በ2020 እና በ2021 ቀየረች። ኒው ሃምፕሻየር ግን እምቢ ብላ በተራ ቁጥሯ ቀርታለች። ቬርሞንት የድሮውን ቁጥር ይዛ ከሥሩ በትንሽ ሰሌዳ የማይሉን ጨመረች። ሁሉንም ማስገደድ ተገቢ ነው? የምትነዱበትን መንገድ እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ።

ባለትራኩ፦
እኔ ያለምንም ማመንታት ማይል ነው የምለው። የማሳቹሴትሱን ማስ ፓይክ፣ ማለትም አይ-90ን ተመልከቱ። ድሮ ሊ መውጫ 2፣ ዌስትፊልድ መውጫ 3 ነበሩ። 2ን ያለፈ እንግዳ ሾፌር 3 እዚሁ ቅርብ ይመስለዋል። በመሃላቸው ግን 30 ማይል ገደማ አለ። ጫካና ዳገት ነው። ከብላንድፎርድ ማረፊያ በቀር ነዳጅም ሽንት ቤትም አታገኝም። ዛሬ ሊ 10፣ ዌስትፊልድ 41 ተብለዋል። መዳረሻህ 41 ከሆነና 10ን ካለፍክ፣ 31 ማይል እንደቀረህ ማንንም ሳትጠይቅ ታውቀዋለህ። እኛ በሕግ የተወሰነ የመንጃ ሰዓት ነው ያለን፤ 11 ሰዓት ከሞላ መቆም ግዴታ ነው። የቀረኝን መንገድ ከሰሌዳው ላይ ማስላት መቻሌ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥር ካልነገረኝ ለምን ተሰቀለ?

የኬፕ ኮዷ፦
ወንድሜ፣ አንተ የምታየው እያለፍክ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ላይ እንኖራለን። ሩት 6 ላይ ወደ ሃያኒስ የሚያስወርደው መውጫ 6 ነበር። አሁን 68 ሆኗል። 68 ማይል ከየት? ከሮድ አይላንድ ድንበር! ኬፕ ውስጥ ማንም ከሮድ አይላንድ ድንበር ተነስቶ አይቆጥርም። እኛ የምንቆጥረው ከድልድዩ ነው፤ ሳጋሞር ድልድይን ተሻግረህ ስንተኛው ላይ እንደምትወርድ ነው የምንነግርህ። የሆቴሉ፣ የሐኪም ቤቱ፣ የዓሣ ቤቱ አቅጣጫ ሁሉ በድሮው ቁጥር የተጻፈ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶቼ አሁንም መውጫ 6 ነው የሚሉት። ሕዝቡ ገና ከመጀመሪያው ተቃውሞ ነበር፤ ግዙፍ ሰሌዳ እዚህ ሰፈር ምን ይሠራል ብሎ። ያቺ ቁጥር ለእኛ ሰፈራችን ማለት ናት። ከላይ በመጣ መመሪያ ስትነጠቅ ያማል።

ባለትራኩ፦
እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድልድዩ ጋ ያለው መውጫ ስንት ነው? 55። ሃያኒስ 68። ሲቀናነስ 13 ማይል። የድሮው 6 ይህን ይነግርሽ ነበር? ከድልድዩ ነው የምንቆጥረው ካላችሁ አዲሱ ቁጥር ነው የበለጠ የሚቆጥርላችሁ።

የኬፕ ኮዷ፦
በመኪና ውስጥ እየነዳሁ መቀነስ አለብኝ ማለት ነው እንግዲህ። ስድስተኛው ላይ ውረድ ማለት ይቀለኛል።

የሎስ አንጀለሱ፦
ሁለታችሁም ስለ ቁጥር ትጣላላችሁ። ካሊፎርኒያ እስከ 2002 ድረስ በግዛት ደረጃ የመውጫ ቁጥር አልነበራትም። ያን ያህል መኪና በስም ብቻ ሲነዳ ኖሯል። እዚህ ሊትል ኢትዮጵያ ለመምጣት የሚጠይቀኝን ሰው «በ10 ሃይዌይ ና፣ ፌርፋክስ ላይ ውረድ» ነው የምለው። (ሰፈሩም በዚያው በ2002 ነው ሊትል ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በይፋ ያገኘው።) የፌርፋክስን መውጫ በቁጥሩ የሚጠራ ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። አገር ቤትም ያው ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሰው የያዘው ስሙን ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ስትገባ ካርድ ትወስዳለህ፣ ስትወርድ በርቀቱ ትከፍላለህ፣ አለቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ይህ የሚሠራው ስሞቹ በጣት ሲቆጠሩ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ይምጡና ይሞክሩት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ውረድ ቢሉኝ ሁለት መውጫ ይጠብቀኛል፤ አንዱ ወደ ዊተን፣ ሌላው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ። 31ኤ እና 31ቢ ናቸው። ፊደሉን ያልያዘ ሰው ወደ ዊተን ሄዶ ይዞራል። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ፣ ኮነቲከት አቬኑ የሚባሉትም አሉ። ከአየር ማረፊያ ለመጣ እንግዳ ይህን ሁሉ የመንገድ ስም በስልክ መንገር አድካሚ ነው። ቁጥር ያስፈልጋል።

ግን ለባለትራኩም መልስ አለኝ። ማይል ሁሌ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤተስዳ በኩል ወደ ቨርጂኒያ ስሄድ ቁጥሩ ከ31 ወደ ላይ ይወጣል። 41 ላይ ሜሪላንድ ያበቃል። ድልድዩን ስሻገር 43 ብሎ ይቀጥላል። ቲሰንስን፣ አይ-66ን አልፌ ስፕሪንግፊልድ ስደርስ 57 ይሆናል። ከዚያ ቀጣዩ ቫን ዶርን ስንት ነው? 173! ከ57 ወደ 173፣ ያውም ሙሉው ክብ መንገድ 64 ማይል ብቻ ሆኖ ሳለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ስፕሪንግፊልድ ላይ አይ-95 ከቤልትዌዩ ጋር ይደባለቃል፤ የአይ-95 ማይል ደግሞ ከሰሜን ካሮላይና ድንበር የተለካ ነው። ከዚያ ዊልሰን ድልድይን ወደ ሜሪላንድ ስትሻገሩ ተመልሶ 2 ይሆናል። ለመሐንዲሱ ትክክል ነው። አሌክሳንድሪያ ሠርግ የተጠራ ሰው ግን 57ን አልፎ 58ን ሲጠብቅ 173 ሲያይ የተሳሳተ መንገድ የገባ ይመስለውና ይደናገጣል። በዚያ ትራፊክ መሃል የተደናገጠ ሾፌር ሌን ያቋርጣል። አደጋው እዚያ ላይ ነው።

አዲስ ሾፌር፦
ይቅርታ፣ እኔ ገና አዲስ ነኝ። ስልኬ «በቀኝ ይዘህ ውጣ» ካለኝ ቁጥሩን ለምን አነባለሁ? ደግሞ አንዳንዴ መውጫው በግራ ይሆንብኛል። አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አለ?

ባለትራኩ፦
አለ፣ ታናሼ። በትልቁ አረንጓዴ ሰሌዳ አናት ላይ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። በቀኝ ጥግ ከተቀመጠች መውጫው በቀኝ ነው። በግራ ጥግ ከሆነች በግራ ነው፤ አዲሶቹ ላይ «ግራ» የሚል ቢጫም ይጨመራል። ከሥር ቢጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር «መውጫ ብቻ» የሚል ካየህ ያ ሌን ቀጥታ አይሄድም፣ አንተንም ይዞህ ይወጣል። ይህን ከሩቅ ካነበብክ ስልኩ ከመናገሩ በፊት ሌንህን ትይዛለህ።

የአደጋ ጥሪ ተቀባይ፦
ስልኩ ይበቃል ለሚለው እኔ ልመልስ። የምሠራው 911 ላይ ነው። ሰው ሲደነግጥ መንገዱን እንጂ ቦታውን አይነግረንም። «አይ-95 ላይ ነኝ» ይላል። የቱ ጋ? የስልኩ መገኛ ሁልጊዜ ወዲያው ጥርት ብሎ አይመጣልንም። ያኔ የምንጠይቀው ያለፍከው የመጨረሻ መውጫ ስንት ነበር የሚለውን ነው። መውጫው በማይል ከሆነ መልሱ ራሱ ቦታውን ያቀርበዋል። ቀጥዬ በመንገዱ ዳር የቆመችውን ትንሿን አረንጓዴ የማይል ምልክት እንዲያይ እነግረዋለሁ፤ ሁለቱ ይናበባሉ። መውጫው በተራ ሲሆን ግን መውጫ 12 ካለኝ በኋላ 12 የትኛው ማይል ላይ እንዳለ ሌላ ሥራ ይሆናል። እዚያ የሚጠፋው ጊዜ ደም እየፈሰሰ የሚጠፋ ጊዜ ነው። የኬፕ ኮዷ እህቴ፣ የሰፈር ስም አይጥፋ፣ እኔም አልፈልግም። ግን ለዚህ ሲባል ማይሉ ይቅር አልልም።

የጀርሲው፦
እኛ የኒው ጀርሲን ተርንፓይክ፣ ያንን የክፍያ ሃይዌይ፣ በቃላችን እናውቀዋለን። ከ1 እስከ 18 ነው። ሰው ኒው ጀርሲ ነኝ ሲልህ «የትኛው መውጫ?» ብለህ ትጠይቀዋለህ። ይህን ማጥፋት አልፈልግም። ግን እውነቱን ለመናገር በተራ መቁጠር አንድ ድክመት አለው። አዲስ መውጫ ሲሠራ ቦታ የለውም። ስለዚህ 7ኤ፣ 8ኤ፣ 13ኤ እያሉ ይሰካሉ፤ ወደ ኒዋርክ ኤርፖርት የሚያስገባው 13ኤ ነው። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና ቁጥሮቹ 15 ምሥራቅ፣ 15 ምዕራብ እየተባሉ ይበዛሉ። ጋርደን ስቴት ፓርክዌይ ደግሞ በማይል ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ በተርንፓይክ 11፣ በፓርክዌይ 129 ይባላል። አንድ ቦታ፣ ሁለት ቁጥር። እንግዳ ሰው በስልክ ሳስረዳ የማያልቅ ታሪክ ነው።

የሎስ አንጀለሱ፦
እኔ አሁንም ስም ይቅደም ባይ ነኝ። ቁጥሩ አይኑር አላልኩም። የአደጋ ጥሪዋ እህታችን ያለችው ልክ ነው። ግን ሰሌዳው ላይ ስሙ ቀድሞ ይነበብ። ሾፌር የሚያስታውሰው ስም ነው።

የኮነቲከቱ፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። ኮነቲከት በ2015 አይ-395ን በመቀየር ጀምራ አንድ አንድ እያለች እየቀየረች ነው። እኔን የሚያስፈራኝ አይ-95 ነው። ግዛቷ ውስጥ 112 ማይል ገደማ ሲሆን የተራ ቁጥሩ ከ2 ተነስቶ 93 ይደርሳል። ኬፕ ኮድ ላይ 6 የነበረው 68 ሲሆን ማንም አያምታታውም፤ ሁለቱ አይመሳሰሉም። እኛ ጋ ግን አዲሱና የድሮው ቁጥር እላይ በላይ ይደራረባሉ። ዛሬ 60 የሚባል መውጫ አለ፣ ነገም 60 ሊኖር ይችላል፣ ግን ሌላ ከተማ ላይ። ሰው መውጫ 60 ካለ የቱን 60 ነው የሚለው?

ማይልን አልቃወምም። ልጆቼ በማይል ይልመዱ። ግን ማሳቹሴትስ «የድሮው መውጫ» የሚለውን ቢጫ ሰሌዳ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲቆይ ነበር የወሰነችው። ለእኛ አይ-95 ሁለት ዓመት አይበቃም። ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆይ፣ ሰሌዳውም ከዋናው ጎን በግልጽ ይሰቀል። በየከተማው ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራ ይህን እናንሳ። አስተያየት መስጫውም ለሁሉም ክፍት ነው፤ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።