አስማቱ ማንን ወንድ ይላል? የወጣቶች ፋንታሲ ላይ የተነሳ ክርክር

ሞደሬተር፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይሄው። የወጣቶች ፋንታሲ ውስጥ ጌይ ወይም ትራንስጀንደር (ሲወለድ ከተባለለት ጾታ የተለየ ማንነት ያለው፣ ባጭሩ ትራንስ) ጀግና ሲኖር ማንነቱ ታሪኩ ራሱ ይሁን ወይስ ብዙ ሳይወራበት ይለፍ? ደሞ የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ያንብበው ወይ? ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

ሌሊት አንባቢ፦ እኔ ቁጭቴን ላውጣ መጀመሪያ። የሃሪ ፖተርን ሰባት መጽሐፍ አንብበን ጨርሰን፣ በ2007 ደራሲዋ ኒው ዮርክ ላይ አንባቢ ሲጠይቃት የአስማት ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዳምብልዶር ጌይ ነው አለች። ታዲያ የትኛው ገጽ ላይ? መጽሐፍ ውስጥ ያልጻፍሽውን መድረክ ላይ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል

የሁለት ልጆች አባት፦ እኔ ደግሞ እንደዛ ቢቀር ይሻለኛል። ልጄ ለጠንቋይና ለዘንዶ ብላ የገዛችው መጽሐፍ ውስጥ እኔ ገና ያላወራኋትን ነገር ቀድሞ ያወራታል። ለማንም ጥላቻ የለኝም፣ ግን መቼ እንደምትሰማ እኔ ልወስን።

ዘንዶ ጋላቢ፦ ዘንዶ ካመንን ትራንስ ልጅ ማመን ምን ያቅተናል 😂

የሁለት ልጆች አባት፦ ይሄ ቀልድ ሰለቸኝ ልጄ። እኔ አይታመንም መች አልኩ? ዘንዶ ነገ ክፍሏ ውስጥ አብሯት አይቀመጥም፣ ይሄኛው ግን የእውነት ጥያቄ ነው፣ ለዚህ ነው የምጠነቀቀው።

ሌሊት አንባቢ፦ ጋሼ እሱ ላይስ እውነትዎን ነው።

ቀለምና ወረቀት፦ እኔ ፋንታሲ ስለምሞክር ከአጻጻፉ በኩል ልግባ (ረዘም ይላል ይቅርታ)። በ2020 የወጣው ሴሜተሪ ቦይስ የሚባል ልቦለድ ላይ ያድሪኤል የሚባል ትራንስ ወንድ ልጅ አለ፣ ቤተሰቡ ባለ አስማት ነው፣ ሴቶቹ ይፈውሳሉ ወንዶቹ የሙት መንፈስ ይሸኛሉ፣ እና የወንዶቹን ሥርዓት ሲከለክሉት ተደብቆ ራሱ ይፈጽመዋል፣ ኃይሉን የምትሰጣቸው እመቤት ሞትም ትቀበለዋለች። አያችሁ እዚህ ጋ ማንነቱን ብታወጡት መጽሐፉ የለም፣ ምክንያቱም አስማቱ ራሱ በጾታ የተከፈለ ነው። በ2019 የወጣው ፔት የሚባለው ልቦለድ ግን ሌላ ነው፣ ጃም ትራንስ ናት፣ ወላጆቿ ድሮ ተቀብለዋታል፣ ታሪኩ የሚሄደው ከተማችን ውስጥ ጭራቅ የለም እየተባለ ጭራቅ ፍለጋ ነው። ሁለቱም ሠርተዋል። እኔን የሚደብረኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ ጓደኛ ተብሎ ምዕራፍ 4 ላይ ማንነቱን ተናግሮ ምዕራፍ 9 ላይ የሚሞተው።

ዘንዶ ጋላቢ፦ የሚሞተው ነገር 💀 እውነት ነው

ዘንዶ ጋላቢ፦ አንድ ጥያቄ አለኝ። አስማት ባለበት ዓለም ግን በአንድ ድግምት ሰውነት መቀየር ከተቻለ ትራንስ መሆን ምን ታሪክ ይቀረዋል? ልጆችስ በቀላሉ የሚሆን አይመስላቸውም?

ቀለምና ወረቀት፦ አሪፍ ጥያቄ። በ2017 የወጣ አንድ የሱፐርሂሮ ልቦለድ ይሄንኑ ነው ያደረገው፣ ጀግናው ሲሞት ኃይሉ ለአንዲት ትራንስ ልጅ ይተላለፍና ሰውነቷ እዛው እንደምትፈልገው ይሆናል። ግን ጣጣዋ ገና መጀመሩ ነው፣ እስከዛ ደብቃው የኖረችው ነገር በአንዴ ታየ፣ አባቷ ደሞ ወደ ነበረችበት ካልመለስኩ ይላል። ሰውነቱን ድግምት ቢቀይረውም አባትየውን የሚቀይር ድግምት የለም።

የሁለት ልጆች አባት፦ አባት ሁሌ ክፉ ሆኖ መጻፉም አንድ ነገር ነው እንግዲህ። ለማንኛውም በ2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ወላጅ በሃይማኖቱ ምክንያት ልጁን ከእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ትምህርት ማስወጣት ይችላል ብሏል። እኔ ብቻዬን አይደለሁም።

ሌሊት አንባቢ፦ ያ እኮ ለትናንሽ ልጆች ክፍል ውስጥ ስለሚነበቡ የሥዕል መጻሕፍት ነው ጋሼ፣ ያውም የራስዎን ልጅ ያውጡ ነው እንጂ መጽሐፉ ይውጣ አላለም። እርስዎ ለልጅዎ ይወስኑ፣ ከመደርደሪያው ይነሳ ካሉ ግን ለኔም ወሰኑ ማለት ነው። እኔ በ15 ዓመቴ እንደኔ ያለ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ባገኝ ኖሮ... ይቅር፣ ረጅም ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦ ይነሳ አላልኩም። ልጄ፣ ቅር አሰኝቼሽ ከሆነ አላሰብኩትም።

ሌሊት አንባቢ፦ ኧረ ምንም አይደል። ፔትን ግን መጀመሪያ ራስዎ ያንብቡት፣ አጭር ነው፣ አባትየውም ክፉ አይደለም።

የሁለት ልጆች አባት፦ አነባለሁ። አንብቤ ካልወደድኩት ግን እዚሁ መጥቼ አልወደድኩትም እላለሁ።