ልጄ «እግዚአብሔር ከኛ ጋር ከሆነ ለምን ሮጥን?» አለኝ፣ ምን ብዬ ልመልስለት?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በ2017 የፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲነቀንቀን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፣ በተለይ የካቲት 7 ማታ ያ 6.0 የተባለው ጊዜ የኛ ብሎክ ሰው በሙሉ ጋቢና ብርድልብስ እየጎተተ ነው ደረጃውን የወረደው፣ እኔ ትንሿን አቅፌ ባለቤቴ ትልቁን ይዞ ወርደን ግቢ ውስጥ ብርድ ላይ አመሸን። ከዛ ወዲህ የስምንት አመቱ ልጄ እንደድሮው አልሆን አለ። ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው። አልጋው አጠገብ ውሃ በብርጭቆ ያስቀምጥና ተነቃነቀ አልተነቃነቀ እያለ ሲያይ ሲያይ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ነው።

ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን፣ መዝሙር 91ን በቃሉ ይለዋል። በቀደም «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብለን ስንጀምር አቋረጠኝና «እማ፣ እግዚአብሔር ከኛ ጋር ከሆነ ለምን ሮጥን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አማቴ ደግሞ «ቤት ውስጥ እምነት ሲጎድል ነው ልጅ የሚፈራው» ይላሉ፣ እሱ እየሰማ። ክፉ አስበው አይደለም ግን ልጁ አንገቱን ሲደፋ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። እባካችሁ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ቃሉን የምታውቁ፣ ምን ልበለው?

ወለተ ኪዳን

ልጄ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ለልጅሽ የምትመልሽው እኮ ወንጌሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲነሳ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ምን አለው? «ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» ነው ያለው። ዮሴፍም አልተከራከረም፣ በዚያው ሌሊት ይዟቸው ወጣ። እንግዲህ በእመቤታችን እቅፍ የነበረው ማን ነው? አማኑኤል አይደለም እንዴ፣ እግዚአብሔር ከኛ ጋር ማለት እሱ ራሱ አይደለም? እሱን ታቅፈው ነው የሸሹት! ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌ ጾም፣ በማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ ቆመን የምናስበው ይሄንኑ ስደት ነው። ስለዚህ ልጅሽን አስቀምጪና «እኛ የሮጥነው እንደ ዮሴፍ ነው፣ እግዚአብሔርም ደረጃው ላይ አብሮን ነበር» በይው። ሥዕለ አድኅኖ ቤትሽ ካለ፣ እመቤታችን ልጇን አቅፋ በአህያ ስትሄድ ዮሴፍ ሲመራ የሚያሳየውን ፈልጊና አሳዪው፣ ልጅ ሲያይ ነው የሚገባው።

ቆራጥ ምስክር

እህቴ አትቀየሚኝ ግን አማትሽ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። 1ኛ ዮሐንስ 4፥18 «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» ይላል እኮ። ፍርሃት ከጠላት ነው፣ ቤታችሁን በጸሎት ገስጹ።

የሀዋሳው አባት

ወንድሜ ቆራጥ፣ ጥቅሱ እዛ ላይ አያበቃም፣ «ፍርሃት ቅጣት አለውና» ብሎ ይቀጥላል፣ ከሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ የሚያወራው ስለ ፍርድ ቀን ነው። ዮሐንስ እግዚአብሔር ይቀጣኛል ብሎ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው እንጂ ቤቱ ሲነቃነቅ ስለሚደነግጥ የስምንት አመት ልጅ አልጻፈም። እንደውም ለልጁ «የምትፈራው እምነት ስለሌለህ ነው» ስንለው ያንን የቅጣት ፍርሃት ነው የምንጨምርበት፣ መሬቱንም እግዚአብሔርንም እንዲፈራ አደረግነው ማለት ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ በየቤቱ በየቸርቹ ስለምሰማው።

እህቴ ደግሞ መዝሙር 91 ስላልሽ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰይጣን ጌታን ቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰለት መዝሙር እሱው ራሱ ነው፣ «መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል» ብሎ ራስህን ወርውር ሲለው። ጌታ ምን መለሰ፣ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው»። አራተኛ ፎቅ ላይ ህንጻ ሲወዛወዝ መጠንቀቅ መዝሙሩን አለማመን አይደለም። ይሄን ለልጁ በቋንቋው ንገሪው፣ ይገባዋል፣ ልጆች ከምናስበው በላይ ያስባሉ።

እኛ ቤት የምናደርገውን ደግሞ ልንገርሽ። ልጃችን ማታ ስትፈራ ረጅም ጸሎት አንጸልይም፣ መጀመሪያ የፈራችውን ነገር ራሷ ለጌታ ትነግረዋለች፣ «ጌታ ሆይ ጨለማውን ፈራሁ» ብላ፣ እኛ አናርማትም። ከዛ አንድ ጥቅስ ብቻ፣ ኢሳይያስ 41፥10ን፣ «እኔ ከአንተ ጋር ነኝና አትፍራ» እጇን ይዤ ቀስ ብለን እንለዋለን። እና ባለቤትሽም ይጸልይ፣ «እኔም ያን ቀን ፈርቼ ነበር» ይበለው፣ ልጅ አባቱ ፈርቶም ሲጸልይ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ነርስ ነኝ

ከላይ ያሉት ቆንጆ ብለዋል። እኔ ከስራዬ ልጨምር። ጫማ ለብሶ መተኛት፣ ድምፅ ሲሰማ ብድግ ማለት፣ እንዲህ አይነት ነገር ካየ ልጅ የሚጠበቅ ነው፣ አትደንግጪ፣ ግን ከየካቲት ጀምሮ እስካሁን ካልለቀቀው፣ በተለይ ቅዠት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ከተጨመረበት የልጆችን ስነ ልቦና የሚያውቅ ባለሙያ አሳዪው። ጸበሉም ጸሎቱም አይቋረጥ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ኤልያስ ደክሞት ልሙት ብሎ ሲተኛ መልአኩ መጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውሃ ነበር፣ በልቶ መልሶ ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ነፋሱም የመሬት መናወጡም ከዛ በኋላ ነው የመጣው፣ እግዚአብሔር ግን በመናወጡ ውስጥ አልነበረም ይላል፣ 1ኛ ነገሥት 19።

ሌላው፣ ምን እንደሚያደርግ አለማማጂው። ሲነቃነቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ጭንቅላቱን መሸፈን፣ ከመስኮት መራቅ፣ ደረጃ ላይ መሮጥ የለም፣ ሲያቆም ነው የሚወጣው፣ ሊፍት ደግሞ በፍጹም። የሚያደርገውን የሚያውቅ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ለምን እንደሚንቀጠቀጥም ንገሪው፣ ስምጥ ሸለቆ ስር የቀለጠ ድንጋይ ሲንቀሳቀስ እንደሆነ፣ ፈንታሌ ደግሞ ከናንተ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ። እነ አዋሽ ፈንታሌ ያሉ ልጆች ናቸው ቤታቸው የፈረሰው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው ከቀዬው የተነሳው። ለነሱ በስም ጠርቶ ቢጸልይ እሱም ይበረታል፣ ልጅ ለሌላ ሲጸልይ የራሱ ጭንቀት ቀለል ይለዋል፣ ይሄን በአይኔ አይቻለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። እማማ ወለተ ኪዳን፣ የዮሴፍን ነገር ዛሬ ማታ ነገርኩት፣ በጣም አሰበና «አህያዋም ሮጣለች?» አለኝ፣ ከዛ ስለ ስደቱ ብዙ ጠየቀ፣ ከየካቲት ወዲህ ስለዛ ሌሊት እንዲህ ሲያወራ የመጀመሪያው ነው። የጠረጴዛውን ነገር ነገ ከባለቤቴ ጋር ሆነን እናለማምደዋለን። አማቴን ደግሞ ባለቤቴ ራሱ ያናግራቸው ብያለሁ፣ ከኔ ከወጣ ሌላ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ፣ «ምድር ብትነዋወጥ አንፈራም» የሚለው መዝሙር የቱ ነው? እሳቸው ዳዊት ስለሚደግሙ ከልጁ ጋር አብረው እንዲሉት ፈልጌ ነው።

ወለተ ኪዳን

በመጽሐፍ ቅዱሱ 46 ነው ልጄ፣ እሳቸው በሚደግሙት ዳዊት ግን 45ኛው ላይ ታገኚዋለሽ፣ የማክሰኞ ነው። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው በግዕዝ ይበሉለት፣ እሱ በአማርኛ ይመልስላቸው።