ጅማ ውስጥ ለሳሎን የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛና በርጩማ የት ይሻላል?

የቦሳዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ሶፋ አለኝ፤ ሳሎኑ ግን ባዶ ባዶ ብሎብኛል። ከሶፋው ጎን የምትቀመጥ ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ፈልጌ ነበር። ኤምዲኤፍ የሚሉት የተጨመቀ እንጨት በቃኝ። ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ አበጠ። አባት ከልጆቹ ጋር የሚሠራበት ቤት ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።

ጀበና፦ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ሂጂ። ሌላው ወሬ ነው።

የቆጪ ልጅ፦ "የቤተሰብ ሥራ" ሲሉሽ ተጠንቀቂ! ቤቱን አልጠራም። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። "በሁለት ሳምንት" አሉኝ። ስሄድ ልጅየው "አባባ ናቸው የሚያውቁት" ይላል። አባትየው "ልጄን ጠይቂው" ይላሉ። አራት ወር! በመጨረሻ ዋንዛ ነው የተባለው ባሕር ዛፍ ሆኖ መጣ።

ሚንትዋብ፦ ውይ፣ እኔንም በቁም ሳጥን እንዲሁ አድርገውኛል።

ቀልደኛው፦ እህቴ፣ አንቺ ጠረጴዛ አላዘዝሽም። ዕቁብ ነው የገባሽው። ዕጣሽ ዘግይቶ ወጣ።

አጂፕ ሰፈር፦ መጅሊስ የምትፈልጉ ካላችሁ ጎበዝ ሰፊ አውቃለሁ።

የቦሳዋ፦ መጅሊስ አልፈልግም ወንድሜ 😅

የጂሬን ልጅ፦ እኛ ሰፈር ያሉት ሽማግሌ ጋ ሂጂ። የአባቴን የሠርግ አልጋ የሠሩት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ አለ።

ቀልደኛው፦ በርጩማ ሲሠሩ አይተሃል?

የጂሬን ልጅ፦ አላየሁም። ግን እሳቸው መጥፎ አይሠሩም። በቃ።

መጋዝ፦ የእንጨት ሰው ስለሆንኩ ልናገር። የጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ የለውም። ወለሉ ጎርባጣ ቢሆን እንኳ አይወዛወዝም። ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። ርጥቡን ፈልፍለው ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አንሺው። ከመጠኑ በላይ ከከበደሽ ወይ አልደረቀም ወይ ዋንዛ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከዋንዛ ይከብዳል። ከዚያ ገልብጪው። ከሥር ቫርኒሽ ስለማይደርሰው የእንጨቱን መልክ ታያለሽ። በኮላና በሰጋቱራ የተደፈነ ስንጥቅ ካለ ተዪው። ቀብድ ከሰጠሽ ደግሞ የእንጨቱን ዓይነትና የሚያስረክቡበትን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ።

ሚንትዋብ፦ ጋሼ መጋዝ፣ የኔ ቁም ሳጥን ከሥሩ ዱቄት ይረግፋል። ምን ላድርግ?

መጋዝ፦ ነቀዝ ነው። ፎቶ ላኪልኝ።

ጀበና፦ አሁንም ሐሙስ ገበያ ነው የምለው።

የጂሬን ልጅ፦ የቦሳዋ፣ ከየት ገዛሽ በመጨረሻ? ሽማግሌው ጋ ሄድሽ?

የቦሳዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቆጪ ልጅ፣ ለመሆኑ ያ ጠረጴዛ የት ደረሰ?

የቆጪ ልጅ፦ ጓሮ ነው። ዶሮዎቹ ያድሩበታል።

አጂፕ ሰፈር፦ ከሸጥሽው ስንት ነው?