የመብራት ሽቦ ወድቆ ላም ሲገድል ተጠያቂው ማነው?

ሽምብጥ፦ ትናንት ማታ እዚህ ባሕር ዳር በዚያ ዝናብ የመብራት ሽቦ ተበጥሶ የጎረቤቴን የምትታለብ ላም ገደለ። ምሰሶው ከዘመመ ቆይቷል፤ ደጋግመን ደውለናል። ዛሬ ጠዋት አንድ የመብራት ኃይል ሠራተኛ መጣና "ንፋስ ነው፣ ከአቅማችን በላይ ነው" ብሎ ሄደ። ምሰሶ ማቃናት ነው ከአቅም በላይ? ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?

ታዛቢ፦ ለላሟ አዝናለሁ። ግን ክረምት ላይ ከጣና የሚነሳውን ንፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌሊት ዝናብ እየደበደባቸው ምሰሶ ላይ የሚወጡትን ልጆችስ ማን ያስባቸዋል? ንፋስ አይከሰስም።

የሕግ ተማሪ፦ ንፋሱን የከሰሰ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ ሁሉ፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ጥፋት ባይኖርበትም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2086ን ደግሞ አንብቡት። ጉዳቱን መከላከል አልችልም ነበር ማለት ከኃላፊነት አያድንም። የሚያድነው የተጎጂው ጥፋት ነው። "ከአቅማችን በላይ" እዚህ ላይ አይሠራም።

ታዛቢ፦ "ከፍተኛ ኃይል" ያልከው ራስህ ነህ። ሰፈር ውስጥ የተዘረጋው ከትራንስፎርመር የወጣ 220 ቮልት ነው። እሱን በ2069 አትጎትተው። ጥፋት አስረዳ።

የሕግ ተማሪ፦ የወደቀው የትኛው መስመር እንደሆነ ይጣራ። ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባው 15 ሺህ ቮልት ከሆነ የምትለው ነገር የለም። 220ው ከሆነም በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ በሚለው ቁጥር 2028 እንከሳለን። ምሰሶው መዝመሙ እየተነገረህ ዝም ማለት ጥፋት ካልሆነ ምን ጥፋት ሊባል ነው?

ዓባይ ማዶ፦ "ደውለናል" በምን ይረጋገጣል? እኛ ሰፈር ማመልከቻ ጽፈን፣ መዝገብ ቤት አስገብተን፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዝን። ያኔ ነው ምሰሶው የተቀየረው። ጎረቤትህ ላሟ ሳትነሳ ፎቶ ያንሱ። የእንስሳት ሐኪም አይቶ የሞተችበትን ምክንያት ይጻፍላቸው። ክሱም 2 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይቀራል፤ ቁጥር 2143።

ሽምብጥ፦ ላሟ አልተነሳችም፣ ሽቦውን ግን ጠቅልለው ወስደውታል። ማስረጃውን ይዞ የሄደው ራሱ ተከሳሹ ነው!

ታዛቢ፦ እንዴት አያንሱት ታዲያ፣ ሰው እስኪገድል ይተዉት? ደግሞ እዚያ አጥር ላይ ሽቦው ላይ የተኛ ባሕር ዛፍ አለ። የማን ነው? የተጎጂ ጥፋት ያላችሁት ይሄ አይደለም?

ሽምብጥ፦ ዛፉ የእሳቸው አይደለም፣ የታችኛው ግቢ ነው። የሦስተኛ ሰው ጥፋትም ሰበብ አይሆንም፤ 2086ን ጨርሰህ አንብብ። ደግሞስ ሽቦ የነካ ዛፍ መብራቱ ሳይቋረጥ ማን በእጁ ይቆርጠዋል? እሱንም ነግረናቸዋል።

ታዛቢ፦ 2086 እንደ 2069 ላለው፣ ጥፋት ለማይጠይቅ ኃላፊነት ነው። በ220 ቮልት አትምጣብኝ። ለመሆኑ ዛፉን የነገራችሁት በጽሑፍ ነው በስልክ?

ዓባይ ማዶ፦ ሽምብጥ፣ መልስለት እንጂ።

ሽምብጥ፦ በስልክ ነው። የደወልነው ግን አንድ ሰው ብቻ አይደለንም። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።